የወንድሜ ሲዲዎች

ወንድሜ የጌም ሲዲ ይሰበስብ ነበር። ጓደኞቹ ተጫውተው ሲሰለቻቸው ይሸጣሉ፣ ይለዋወጣሉ። እሱ ግን ሽፋኑ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ስሙን ጽፎ ይደረድረዋል እንጂ አንዱንም ከእጁ አያወጣም።

በአርባው ዕለት ልብሱ ለነዳያን ሲሰጥ፣ አባቴ ሲዲዎቹን ለጓደኞቹ አደላቸው። አንዱን ለራሱ አስቀረ።

"ልጄ ችግር ሲጠናበት እንኳ አልሸጣቸውም" አለ እያለቀሰ። "የሚሸጥ ቢኖር የልጄ አጥንት ይፋረደው!"

ከጓደኞቹ ሁሉ ይበልጥ በላቸው የሚባለው ደረቱን እየደቃ አለቀሰ።

ባለፈው ሳምንት በሰፈራችን ጌም ቤት በኩል ሳልፍ፣ የወንድሜ ቀይ ጽሑፍ ያለበት ሲዲ ለሽያጭ መስኮት ላይ ተቀምጦ አየሁ። ሰተት ብዬ ገባሁ።

"በላቸው ነው አይደል የሸጠልህ? ያ አስመሳይ!"

"ኧረ ቀስ በይ፣ እህቴ" አለኝ ባለቤቱ። "በላቸውማ 'ደሞዝ እስክቀበል ለማንም እንዳትሰጥብኝ' ብሎ ቀብድ አስይዟል።"

"ታዲያ ማን አመጣው?"

ሰውዬው ዓይኑን ከዓይኔ አሸሸ።

"አባትሽ ናቸው። የቀሩትንም ከልጆቹ ሰብስቤ አመጣልሃለሁ ብለውኛል።"