ስሙ ይቀየርልን
ፕሮግራሙን የሠራው ልጅ ስሙን «ቡዳ» ብሎታል። ሥራው የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተሮችን ቀን ከሌት እያየ ብልሽት ሲያገኝ መናገር ነው፤ ማንም በነፃ ወስዶ ሊጠቀምበት፣ ቢሻው ሊያሻሽለውም ይችላል። ሠሪው በእውነተኛ ስሙ አልወጣም። አቤቱታ በጎረፈ ቁጥር ግን መልሱ አንድ ነው፦ «አስተያየትዎ ደርሶናል። ስሙ አይቀየርም።»

አንድ ጠዋት ኮሌጅ ውስጥ ኮምፒውተር ከሚያስተምሩት ከአቶ ጥላዬ ረጅም መልእክት መጣ። «በዚህ ዘመን ሰውን በሙያው ቡዳ ማለት ነውር ነው። ይህን ቃል በተማሪዎቼ ፊት በምን አፌ ልጥራው?»

ልጁ ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ይህንኑ በወረቀት ጽፈው፣ ፈርመው ይላኩልኝ። ዛሬውኑ እቀይረዋለሁ» ሲል መለሰላቸው።

አቶ ጥላዬ ጻፉ፣ ፈረሙ፣ ፎቶ አንስተው ላኩ። ልጁም ቃሉን አክብሮ ፕሮግራሙን «ዘበኛ» አለው።

ከዚያ ደብዳቤውን ፕሪንት አድርጎ ለሦስቱ ሽማግሌዎች ሰጣቸው። እሑድ ወደ አቶ ጥላዬ ቤት ሊመለሱ ነው። ባለፈው ልጃቸውን ማህደርን ለእሱ ሊጠይቁ ሲሄዱ፣ አባቷ ወጉን እንኳ ሳያስጨርሱ «የሸክላ ሠሪዋ ልጅ አይደል? እኔ ልጄን ለቡዳ አልድርም» ብለው ሸኝተዋቸው ነበር።