ከማደያው ጀርባ

መናኸሪያው ባዶ ነው። የሰመራ ሚኒባሶች ተደርድረው በሚጠብቁበት ቦታ የዘይት ጠብታና አንድ የተኛ ውሻ ብቻ አለ።

«አንድ ሰው ለሹፌሮቹ ነግሯቸዋል» ይላል መምህር ፍቅረማርያም። ሙጂባን አያያትም። ሆን ብሎ ነው የማያያት።

ሚኒባሶቹ ሰመራ የሚወርድ ካልሆነ አይጭኑም፤ መንገድ ላይ ገዋኔ የሚወርድ ሰው የሰመራ ሒሳብ ካልከፈለ እዚሁ አዋሽ ፀሐይ ላይ ይውላል። የተሳፋሪዎቹ ኮሚቴ አንድ ነገር መክሮ ነበር፦ ዛሬ ሰኞ፣ የገዋኔ ተሳፋሪ ሳይጫን የሰመራውም አይሳፈርም። ለሰዉ የሚነገረው ዛሬ ጠዋት ነበር። እስከዚያ የሚያውቁት አራቱ የኮሚቴው አባላት ብቻ ናቸው። መኪናዎቹ ግን ከከተማው ዳር ሆነው የሰመራውን ሰው እየጫኑ ሄደዋል፤ የቀሩት ጓዛቸው ላይ የተቀመጡ የገዋኔ ሰዎች ናቸው።

«ወንድምሽ ትናንት ቤት መጥቶ ነበር?» ትላለች ስንቅነሽ። የማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ ናት፤ የምትጠይቀውን ሁሉ የምትመዘግበው ይመስላል።

«የራሱ ቤት አለው እኮ።»

«አይ፣ እንዲሁ ነው።»

እንዲሁ አይደለም። የሙጂባ ወንድም አብዱልበሲጥ የመናኸሪያው ተራ አስከባሪ ነው። ሙጂባ ልብስ ሰፊ ናት፤ ኮሚቴው ውስጥ የገባችው ለእናቷ ብላ ነው። እናቷ ገዋኔ ነው ያለችው። ነገ ጠዋት ዱብቲ ሆስፒታል ቀጠሮ አላት፤ ብቻዋን መሳፈር ስለማትችል ሙጂባ ዛሬ ገዋኔ መድረስ አለባት። ያለፈው ቀጠሮ መኪና ሲጠበቅ አልፏል።

አብዱልበሲጥ የፊሽካውን ገመድ ጣቱ ላይ እያሽከረከረ ይመጣል። እህቱን ክንዷን ይዞ ራቅ ያደርጋታል።

«ቁርስ በልተሻል?»

«ማን ነገራችሁ?»

«መንገድ ላይ የማይሰማ ነገር አለ?» ይስቃል። ከዚያ ድምፁን ይቀንሳል። «የመጨረሻዋ መኪና ከማደያው ጀርባ ናት። ጋቢና ይዤልሻለሁ፣ ገዋኔ ታወርድሻለች። ዝም ብለሽ ነይ።»

«እነዚህስ?»

«እነዚህ እናቴ አይደሉም።»

ስትመለስ ፍቅረማርያም ይጠብቃታል። «ምን አለሽ?»

«ቁርስ በልተሻል ወይ አለኝ።»

«ደግ ወንድም ነው።»

እሷም ትጠረጥራለች። የመምህሩ አከራይ ሚኒባስ አለው። ስንቅነሽ ሰመራ ስትሄድ ጋቢና አጥታ አታውቅም። ያልጠረጠረችው አባ ያዮን ብቻ ነው፤ የኮሚቴውን ሽማግሌ፣ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው ከቆርቆሮው ጥላ ሥር የቆሙትን።

አንድ አፋር ፍየሎቹን እየነዳ ከአዋሽ አርባ በኩል ይመጣል። አባ ያዮ ሲያዩት ቁጢጥ ይላሉ፤ እጅ ለእጅ ይሳሳማሉ። ዳጉ ሊለዋወጡ ነው። አፋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ያየውንና የሰማውን ሳይነጋገር አያልፍም። የተጠየቀ አይደብቅም፤ አንዴ የዋሸ ሰው ደግሞ ዳግም የሚጠይቀው የለም።

ሙጂባ ገዋኔ ነው ያደገችው፤ ቋንቋውን ትሰማለች። አባ ያዮ አለደጌ ሜዳ ላይ ሣር መብቀሉን ይናገራሉ። የማን ግመል እንደወለደች፣ የማን ልጅ እንደታመመ። ከዚያ በዚያው ድምፅ፦

«ዓርብ ገዋኔ ላይ አንድ ሹፌር ዳጉ ጠየቀኝ። ሰኞ አዋሽ ላይ ሰው አብሮ እንደሚቆም፣ የእኛ ሰው ሳይጫን ማንም እንደማይሳፈር ነገርኩት።»

ሙጂባ ባለችበት ትቀራለች። ሽማግሌው ማንንም አልሸጡም። ተጠየቁ፣ መለሱ። በሩ ተዘግቶ ምስጢር ሲመከር እሳቸውም እዚያ ነበሩ፤ መንገድ ላይ የጠየቃቸውን ምን እንደሚሉት ግን ማንም አልጠየቃቸውም።

«ምንድን ነው የሚያወሩት?» ይላል ፍቅረማርያም።

አፏን ትከፍታለች። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር፤ ዓይኖቹ ሁሉ ከእሷ ላይ ተነሥተው ሽማግሌው ላይ ያርፉ ነበር።

«ስለ ሣር ነው» ትላለች።

«ስለ ሣር» ይላል መምህሩ።

ባለ ፍየሉ ወደ እሷ ይዞራል። አፋርኛ እንደምትሰማ ከፊቷ ሳያነብ አልቀረም። «አንቺስ? ምን አየሽ፣ ምን ሰማሽ?»

አብዱልበሲጥ የመብራት ምሰሶው ላይ ተደግፎ ይጠብቃታል። እሱም ገዋኔ ነው ያደገው። በአገጩ ወደ ማደያው ይጠቁማታል፦ ነይ እንጂ። እናቷ ይኼኔ ፌስታሏን አዘጋጅታ፣ ነጠላ ጫማዋን አድርጋ፣ በር ላይ ተቀምጣለች።

ሙጂባ ቁጢጥ ትላለች። እንደ ደንቡ ከቀላሉ ትጀምራለች።

«ደህና ነው። ዛሬ ነፋስ የለም። እናቴ አሟታል፣ ነገ ዱብቲ ትታያለች።» ትንፋሽ ትወስዳለች። ድምፅዋ ከፍ ይላል። «የመጨረሻዋ መኪና ከማደያው ጀርባ ቆማለች። የሰመራውን ሰው ተደብቃ እየጫነች ነው። ለእኔ ጋቢና ተይዟል።»

«ምን እያለችው ነው?» ትላለች ስንቅነሽ።

«ይኸው» ይላል ፍቅረማርያም፣ «ፊታችን ላይ።»

ባለ ፍየሉ እንደሚያመሰግን እጇን ይስማል። ከኋላው ጓዛቸው ላይ ተቀምጠው ሲሰሟት የነበሩት የገዋኔ ሴቶች አንዷ ስትነሣ ሌላዋ እየተከተለች ይነሣሉ። ጓዛቸውን ጀርባቸው ላይ ያጠብቃሉ፤ ፊታቸው ወደ ማደያው ነው።

ከምሰሶው ሥር የፊሽካው ገመድ አብዱልበሲጥ ጣት ላይ እስከ ጫፉ ተጠምጥሞ አልቋል። እሱ እህቱን እያየ ነው። አይፈታውም።