ከጫግኒ የመጣው ሜዳሊያ

የዳንግላው ጋሽ ነጋ ከጣሊያን በፊት ለጎበዝ ተማሪ የተሸለመ፣ መልአክ የተቀረጸበት የብር ሜዳሊያ ይሰበስባሉ። ወልዋዩ እኔ ነኝ፣ ከሁለተኛ ክፍል የተባረርኩት። «ካጸዳህልኝ አንዱን ትወስዳለህ» ስላሉኝ፣ የምወዳት ልጅ ስሜነሽ ፊት ተሸላሚ መስዬ ልንጎራደድ ቋምጫለሁ።

ከጫግኒ የመጣው አንዱ በማተብ ታስሯል። ማተቡ የሰው አንገት እድፍ ጠጥቶ በቅባት ርሷል።

«ጋሼ፣ ይሄ ከሬሳ አንገት ነው እንዴ የመጣው?» ብዬ ቀለድኩ።

አልሳቁም። «የሬሳ ማተብ አይበጠስም፤ አብሮት ነው የሚቀበር።»

እኔ ግን በጥሼ እሳት ውስጥ ጣልኩት። ዓይኔ እያየ ነደደ። ሜዳሊያውን በአመድና በሎሚ ፈትጌ ሳነሳው፣ እናቴ ያሰረችልኝ የራሴ ማተብ፣ ቋጠሮው እንኳ ሳይፈታ፣ እሱ ላይ ተንጠልጥሏል።

አንገቴን ዳበስኩ። ያ የነደደው ማተብ በቅባት እንደራሰ አንገቴ ላይ ታስሯል።