አንዲት ዙር

ድንጋዩ ሳስቶ ብርሃን በደንብ እንዲያሳልፍ ብላ መሞረጃው ማሽን ላይ አንዲት ዙር ጨመረች። መስታወቱን ስታነሣው ባዶ ነበር። ሟች ወንድሟ ከእሳተ ገሞራው ሥር ለቅሞ ካመጣው ጥቁር ድንጋይ የቀረው፣ መስታወቱ ላይ የለጠፈችው የመጨረሻው ስስ ቁራጭ፣ ዱቄት ሆኖ በውሃው ሄዷል። ምናለ እጄን ቁርጥ ባደረገው!

«ደረሰልሽ?» አሉ እናቷ ከበሩ። የልጃቸውን ድንጋይ ውስጡን ሊያዩ መነጽራቸውን ወልውለው መጥተዋል። «ደርሷል እማዬ» አለችና ከመሳቢያው የግራናይት ድንጋይ ቁራጭ የተለጠፈበት ሌላ መስታወት አውጥታ ማይክሮስኮፑ ሥር አስገባች። እናቷ ጎንበስ ብለው ቆዩ። «አቤት ማማሩ! ይሄ ትልልቁ ፍሬ ምንድን ነው?» «ቅልጡ ዓለት ምድር ሆድ ውስጥ ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ ፍሬው ለማደግ ጊዜ ያገኛል» አለች፣ ለሁሉም እንደምትለው፤ ምላሷን የነከሰችው ከተናገረች በኋላ ነው።

እናቷ ቀና አሉ። «ወንድምሽ ግን ‹ከላይ ፈስሶ ወዲያው የረጋውን ነው ያመጣሁት፣ ፍሬው ደቃቅ ነው› ብሎኝ ነበር።» እናቷ እጇን ሳብ አድርገው ጥፍሯ ሥር የቀረውን ጥቁር የድንጋይ ጭቃ በአውራ ጣታቸው አበሱ። «ግዴለም ልጄ» አሉ፤ ጣታቸውን ግን ሳይጠርጉ ጨበጡት።