ሦስተኛው ርዕስ

የነርሲንግ ተማሪዋ ወደ መምህሯ ወደ ሲስተር ወይንሸት ቢሮ ወረቀቷን ይዛ ገባች። የመመረቂያ ጽሑፏን ርዕስ ሁለቴ ጥለውባታል፤ ዛሬም ካልጸደቀላት አትመረቅም።

ሦስተኛው ርዕሷ ስልክ ላይ የሚሰካው አዲሱ አልትራሳውንድ ነው። ባለፈው ሳምንት ክፍል ውስጥ ሲሞከር፣ ሆዷን ገልጣ የተኛችው እሷ ነበረች። ሲስተር አንድ ቦታ ላይ ሲደርሱ ደጋግመው አዩት፤ ከዚያ «ለዛሬ ይብቃን» ብለው ስልኩን ዘጉት። ምን እንዳጠፋች እስካሁን አልገባትም።

ሲስተር ወረቀቱን ተቀብለው ጮክ ብለው አነበቡ። «መሣሪያው ውጤቱን እዚያው ያሳያል። እኛ ግን ክፉ ውጤት ለበሽተኛው አንነግርም፤ ‹ከቤተሰብ ትልቅ ሰው ይዘህ ና› እንላለን። ታዲያ አሁን ምን ልንል ነው?»

ንባባቸውን አቋርጠው ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ልጅቷ «ይሄም ወደቀ» ብላ ዓይኗን ጨፈነች።

እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ሲሄድ ሰማች። ፈርመውላታል።

«ቤተሰቦችሽ ቢቸና ናቸው አይደል?» አሉ፣ ከወረቀቱ ቀና ሳይሉ። «እዚህ ማን አለሽ?»

«አጎቴ አለ፣ ሲስተር።»

«ነገ ይዘሽው ነይ።»