የተገለበጠው ምስል

ኤዲተሯ ጠዋት የተቀረጹትን ሁለት የፊልም ሾቶች ስትቀጥል ድንገት ሳቀች። ሰካራም ሆኖ የሚተውነው አባቷ ከሩቅ በተቀረጸው ላይ ብርጭቆውን ያነሳው በቀኝ እጁ ነበር፤ ከቅርብ በተቀረጸው ላይ ወደ አፉ ያስጠጋው ግን በግራው ነው።

“አባዬ ዛሬ ጉድ ሠራኝ! አርባ ዓመት ሲተውን እጅ አምታቶ አያውቅም እኮ።”

“ምን ችግር አለው? የሁለተኛውን ምስል ግራና ቀኝ ገልብጪው፣ ይገጥማል” አላት ዳይሬክተሩ። “እንዲያ የተጨበጨበለትን ትወናማ አንጥልም። ምላሳቸው ሲተሳሰር እውነት የጠጡ ነው የሚመስሉት!”

ገለበጠችው። እጅ ከእጅ ገጠመ፤ መቀጠሉ ጭራሽ አልታወቀም። ዳይሬክተሩ “እሰይ!” ሲል እሷ ክው ብላ ቀረች። አሁን እጁን ትታ ፊቱን ነበር የምታየው። የከንፈሩ አንድ ጫፍ ወደ ታች ወርዶ በመጠጥ ፋንታ ብርጭቆው ውስጥ የነበረው ውሃ በአገጩ ይንጠባጠብ ነበር፤ በዚያው በኩል ያለው እጁ ጭኑ ላይ እንደ ዕቃ ተጥሏል።

“አባዬ የት ነው?”

“ጋሼማ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ናቸው” አለ ዳይሬክተሩ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል። “ደከመኝ፣ ትንሽ ጋደም ልበል፣ ማንም እንዳይቀሰቅሰኝ ብለው በሩን ከውስጥ ቆልፈውታል።”