የሚነቀለው ደረጃ

መጀመሪያ ላይ በጎ ፈቃደኞቹ ብዙ ነበሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከከተማው በላይ ወዳለው ደን ወጥተው የእግረኛውን መንገድ ይጠግናሉ። ከክረምቱ በኋላ ግን አንድ በአንድ ቀሩና ጡረተኛዋ ነርስ ብቻዋን ቀረች።

ጎርፍ የቦረቦረው ዳገት ላይ ድንጋይ እየተሸከመች ደረጃ ትሠራለች። በሳምንቱ ስትመለስ ደረጃው ተነቅሎ፣ ድንጋዩ ዳር ላይ ተከምሮ፣ አፈሩም ተደልድሎ ታገኘዋለች። መልሳ ትሠራለች፤ መልሶ ይነቀላል።

«ከብት ይሆናል፣ እትዬ» አላት የደኑ ጠባቂ እንድሪስ።

«ከብት ድንጋይ ይከምራል እንዴ? የሰው ልፋት የማይገባው ሰው ነው እንጂ!» ብላ ጮኸችበት።

በዚያ ቅዳሜም ደረጃውን ሠርታ ገባች። ንዴቱ ግን አላስተኛትም። እሑድ ማለዳ ዶማዋን ይዛ ወጣችና ከአንድ ጽድ ጀርባ አድፍጣ ጠበቀች። ብዙም ሳይቆይ አንድ ጎልማሳ ሰው መጥቶ የታችኛውን ደረጃ በዲጂኖ መፈንቀል ጀመረ።

«አንተ! ወገቤ እስኪቆረጥ የሠራሁትን?» ብላ ዘላ ወጣች።

ሰውየው ደንግጦ ዲጂኖውን ጣለ። «ይቅርታ እናቴ፤ የመንግሥት ሥራ መስሎኝ ነው። ብዙ ጊዜ አቤት ብዬ የሚሰማኝ አጣሁ።»

«ደረጃ ምን አደረገህ?»

ሰውየው ወደ መንገዱ መታጠፊያ ወረደ። ሲመለስ ጋቢ የለበሰች ልጅ የተቀመጠችበትን ተሽከርካሪ ወንበር እየገፋ ነበር። ጎማው የደረጃው ድንጋይ ጋ ሲደርስ ቆመ።

ልጅቷ ሴትየዋንና ዶማዋን አየች። ፊቷ በራ።

«እማማ፣ እርስዎም አባዬን ሊያግዙት መጡ?»